ከጎቪንዲ በረት ጀርባ ስለ ተነቀሉት ዘጠኝ ተክሎች

ለተከበሩ የንዑስ አውራጃችን አስተዳዳሪ ሳህብ፣
ግልባጭ፦ ለማንበብ ትዕግሥት ላለው ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንደምን ከርሟል? የጣቶችዎ አንጓዎች በዚህ በካርቲክ ወር ብርድ እንደ ልብ ይታጠፋሉ? ብዕር ሲይዙ፣ የሻይ ብርጭቆ ሲያነሱ፣ የካፖርትዎን ቁልፍ ሲቆልፉ ምንም አይሰማዎትም? እንግዲያው የተራሮቹ እናት ናንዳ ዴቪ እስከ መጨረሻው እንዲሁ ታቆይዎ። ይህን ምርቃት ከልቤ የምመርቅዎ፣ ቁርጥማት የያዘው ሰው የሚያውቀውን ነገር የእርስዎን ያህል ሥራ የሚበዛበት ሹም ለማወቅ ጊዜ እንደማይኖረው ስለምረዳ ነው።

ስሜ ዱንጋር ሲንግ ናያል ነው። የባንጅዳር መንደር ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ሲሆን ሠላሳ አራቱን ዓመት የመንግሥት ደን ጠባቂ ሆኜ አገልግያለሁ። ትምህርት ቤት የሄድኩት ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ የቀረውን ፊደል ያስተማሩኝ በየዛፉ ላይ የምለጥፋቸው ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። ስለዚህ የራሴን ስም መጻፍ ከመቻሌ በፊት "የተከለከለ" የሚለውን ቃል አጥርቼ አነብ ነበር። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ለአንዲት ሴት አንዲት ሸክም ሣር አላሳለፍኩም፤ የገዛ አክስቴን ማጭድ እንኳ ነጥቄአለሁ። ይህን ስጽፍልዎ ለመመካት አይደለም። ድሮ ግን እመካበት ነበር።

ምስጋናዬንና አቤቱታዬን ለይቼ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ እየተደባለቁ ስላስቸገሩኝ በአንድ ተራ ቁጥር አስቀምጫቸዋለሁና ክቡርነትዎ እንደሚመችዎ ይለዩአቸው።

አንደኛ፦ ባለፈው ዓመት በዝናቡ ማብቂያ ለዘጠኝ ተክሎች ስድስት ሰው ስለ ላኩልን አመሰግናለሁ። የእግረኛ ድልድያችንን ጎርፍ ከወሰደው ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ነብር የጎረቤታችንን ፍየሎች ከበረት እያወጣ ሲበላ አቤት ብለን የደረሰልን የለም። ለባንግ ግን፣ በመዝገባችሁ አጠራር ለዕፀ ፋርስ፣ ስድስት ሰውና አንድ ፎቶ አንሺ ያን ዳገት ሁሉ ወጥቶ መጣ። ከጎቪንዲ ላም በረት ጀርባ የነበሩትን ዘጠኝ ተክሎች ነቀሉ፣ ቆጠሩ፣ ፎቶ ተነሡ። ገመድ ይዘው መምጣት ስለ ረሱ ከበረቱ ምሰሶ ላይ ያገኙትን ወስደው አሰሩበት። ያ ገመድ ከባንግ ልጥ የተገመደ ነው፤ የገመደችውም ጎቪንዲ ናት። በማስረጃው ዝርዝር ላይ ግን ገመዱ አልተጻፈም። ወይ ይጻፍ፣ ወይ ይመለስላት፤ ላሟ እስከ ዛሬ የምትታሰረው በተቀዳደደ ጨርቅ ነው።

ለስድስቱ ሰዎች መንገድ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ጥቆማውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። የመንደራችን ጉባኤ የነቀላ ኮሚቴ ሲያቋቁም ሰብሳቢ አድርጎ መረጠኝ፤ እኔም ከራሴ ግቢ ጀመርኩ። ባለቤቴ ሳሩሊ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጀምሮ ቁርጥማት ነበረባት፤ ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል ሥር ተጣመው ነበር። የጤና ጣቢያው ነጭ ክኒን ሆዷን አቁስሎ ደም ካስተፋት ወዲህ ሐኪሙ ራሱ ከልክሏታል። ያላት ነገር የባንግ ቅጠል በሰናፍጭ ዘይት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲፈላ የሚወጣው አረንጓዴ ቅባት ነበር። ጠዋትና ማታ ይታሻል፣ በሞቀ ጨርቅ ይታሰራል፣ ከዚያ ትንሽ ትተኛለች። ይኸው ነው። ማንንም አላሰከረም።

ከአጥራችን ሥር ያለውን ባንግ ስነቅል ከበሩ ላይ ቆማ አየችኝ። "ሁለት ብቻ ተዉልኝ፣ የሄማ አባት፤ ለእጄ" አለችኝ። ሄማ ልጃችን ናት፤ ሳሩሊ በሃምሳ ሦስት ዓመት ትዳር ስሜን ጠርታ አታውቅም። እኔም "ሕጉ እጅና እግር አይለይም" አልኳት። በጣም ያማረ ንግግር መስሎኝ በኮሚቴው ስብሰባ ላይም ደግሜዋለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ምርመራው ጥራት። ክቡርነትዎ ከሜዳው አገር ስለ መጡ ላያውቁት ይችላሉ እንጂ፣ ጎቪንዲ የሟች ታናሽ ወንድሜ የፕራታፕ ሚስት ናት። በእኛ ዘንድ የታናሽ ወንድም ሚስት ከባሏ ታላቅ ወንድም ጋር አትነጋገርም። ሲመጣ ፊቷን ትሸፍናለች፤ የልብሷ ጫፍ እንኳ ልብሱን ቢነካ ሁለቱም ውኃ ሳይረጩ እህል አይቀምሱም። እኔና ጎቪንዲ በአንድ አጥር ተዋስነን አርባ አንድ ዓመት ስንኖር አንድ ቃል በቀጥታ አልተለዋወጥንም። ልታስታውቀኝ የፈለገችው ነገር ሲኖር ለላሟ ትነግራታለች፤ እኔም መልሱን ለግድግዳው እናገራለሁ። በዚህ መንገድ መሬት አርሰናል፣ ልጅ ድረናል፣ ወንድሜን አቃጥለን አመዱን ወደ ወንዝ ሸኝተናል፤ አንድም ቀን አልተሳሳትንም። የተሳሳትነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ፓትዋሪው ጋጄንድራ፣ መሬት የሚለካልንም ሌባ የሚይዝልንም እሱው ስለ ሆነ፣ ጎቪንዲን የጠየቃት በራሷ ጓዳ ውስጥ፣ እኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። "ማን ተከላቸው?" አላት። ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሦስት ጊዜ ጠየቃት። የዚሁ ተራራ ልጅ ነው፤ እናቱ አጎቱ ፊት እንዴት እንደምትሆን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን እሱ ከመጨለሙ በፊት መንገዱ ላይ መድረስ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ መስሎ ይታየኝ ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመት ጫካ ውስጥ የያዝኳቸው ሴቶች ሁሉ ዝም ይሉ ነበርና። ሽንቴን ለመሽናት ለሁለት ደቂቃ ብወጣ ኖሮ እውነቱን ትናገር ነበር። አልወጣሁም። ሰብሳቢ ነበርኩ።

ከዚያ ፓትዋሪው ወደ እኔ ዞሮ "አጎቴ፣ በራሳቸው የበቀሉ ናቸው ወይስ የተተከሉ?" አለኝ። "የተተከሉ ናቸው፤ መስመር ይዘው አታይም እንዴ" አልኩት። "ስትተክል አይተዋል?" አለ፤ እየጻፈ ነበር፣ ቀና እንኳ አላለም። አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ።

አላየሁም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በዚህ ጉዳይ የእናንተ ጥፋት ችኮላ ብቻ ነው፤ ለችኮላችሁም አመሰግናለሁ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ዓመት ይፈጅበት ነበር። ውሸቱ ግን በመንግሥት ወጪ የተዋሸ እንዳይመስልዎ። የራሴ ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ምስክር ወረቀቱ። ባለፈው የብርድ ወቅት እርስዎ ራስዎ ወደ ባንጅዳር መጥተው "አርአያ ዜጋ" የሚል በመስታወት የተለበጠ ወረቀት ስለ ሸለሙኝ፣ አንገቴ ላይም የአበባ ጉንጉን ስላጠለቁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጭብጨባው የተጨበጨበው በቤቴ ሰገነት ላይ፣ ሳሩሊ ከተኛችበት ክፍል መስኮት ሥር ነበር። ያኔ ቅባቱን ካጣች አራተኛ ወሯ ነው። ማበጠሪያ መያዝ አልቻለችም፤ እኔ እንዳላበጥርላትም እጄ ከባድ ነው እያለች ትከለክለኝ ስለ ነበር፣ በየጥቂት ቀኑ ጎቪንዲ እኔ እስክወጣ ጠብቃ ገብታ ታበጥርላት ነበር። ምሳሌ ለመሆን የተሸለምኩት እኔ ስሆን ያበጠረችላት የከሰስኳት ሴት ናት። እናንተ ስትሄዱ ወረቀቱን ይዤ ገባሁ። ሳሩሊ አየችው፣ ከዚያም "የት ይሰቀል ይሆን?" አለች። በዚያ ወር ጉንጉኑ ደርቆ ሳይጣል፣ ብርዱ ሳንባዋን ይዟት ሞተች።

ቁርጥማት ገደላት አልልም። ሐኪሙ ሳንባ ነው ብሏል፤ እኔም ሳንባ ነው ብዬ ለዘመድ ተናግሬአለሁ። ነገር ግን ከመሞቷ በፊት በነበሩት ወራት ሕመሙ ሲበረታባት ድምፅ እንዳይወጣት የጋቢዋን ጫፍ በጥርሷ ትይዝ ነበር። እኔ አጠገቧ ሆኜ ጨርቁ ሲታኘክ እሰማለሁ። ሰምቼም "ሕግ ሕግ ነው" እላለሁ፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሴ። ከሞተች በኋላ ጋቢውን ሳጥፍ ጫፉ ተበልቶ አልቋል። ለዚህ በየትኛውም ሕጋችሁ ውስጥ አንቀጽ ፈልጌ አላገኘሁም። ካለ ይጠቁሙኝ።

አራተኛ፦ ፈጣሪ ፍትሕን በራሱ ተራ እንደሚያደርስ ለማሳየት ይመስለኛል፣ በዚህ ዓመት ዝናቡ ሲጀምር ቁርጥማቱ ወደ እኔ መጣ። መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቴን፣ ከዚያ ግራውን፣ ከዚያ ጣቶቼን። ከአልጋ እስከ ደጃፍ ለመድረስ ግድግዳውን እንደ ሽኮኮ እቧጥጥ ጀመር። ክኒኑን ሞከርኩት፤ ሄማም ከከተማ አንድ የብርጭቆ ጠርሙስ ላከችልኝ። ስለ ጠርሙሱ በኋላ እመለሳለሁ።

አንድ ጠዋት ደጃፌ ላይ በቅጠል የተከደነች ትንሽ የሸክላ ገንቦ ተቀምጣ አገኘሁ። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ከዚያ ሽታ አጠገብ ተኝቻለሁ። ወስጄ ልደፋው ወደ አጥሩ ስደርስ ጎቪንዲ ከአጥሩ ወዲያ ላሟን እያለበች ነበር። ፊቷን ሸፈነች፣ ወደ ላሟም ዞራ እንዲህ አለች፦

"አንቺ ላሜ፣ በአጥሩ ወዲያ ለቆመው ሰው ንገሪልኝ። ገንቦውን ከደፋ መልሼ አልሞላውም፤ የሰናፍጭ ዘይት ውድ ነው፣ ቅጠሉም በዚህ ዝናብ ከገደሉ ሥር በራሱ የበቀለ ጥቂት ነው። ደግሞ እነዚያን ዘጠኝ እግር ማን እንደ ተከላቸው አንቺ አይተሻል። የተከለቻቸው ሳሩሊ እህቴ ናት፣ በዚያ በተጣመመ ጣቷ። ግቢዋ ውስጥ ቢያገኘው ይነቅለዋል ብላ እዚህ መጥታ ተከለችው። እኔ አፌን ብከፍት እሷ ትያዝ ነበር፤ እሱም ፊቴ ተቀምጦ ነበር። ምን ልበል? አሁን እሷ የለችም። በይ እግርሽን አንሺ፣ ወተቱን ልትደፊው ነው።"

መልሱን ለግድግዳው መናገር ነበረብኝ። ገንቦውን እንደ ያዝኩ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ የሳሩሊን ሣጥን ከፈትኩ። ከታች፣ ከሠርግ ልብሷ ሥር፣ እፍኝ የማይሞላ የባንግ ዘር በአረንጓዴ ጨርቅ ተቋጥሮ አገኘሁ። ጨርቁ የደን ጠባቂነት ጥምጣሜ ቅዳጅ ነው። የተከለከለውን ነገር በከልካዩ ጥምጣም ቋጥራ አስቀምጣው ኖሯል። በሕይወት ዘመኗ ከቀለደችብኝ ቀልድ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ያየሁት ግን ብቻዬን ነው።

ገንቦውን አልደፋሁትም። ክቡርነትዎ ይህን አስምረው ይመዝግቡልኝ፦ ቅባቱን ታሸሁት። ጉልበቴን አላዳነውም፤ ተአምር ሠራ ብዬም አልዋሽም፣ አንድ ጊዜ ዋሽቼ ይበቃኛል። እብጠቱ ዛሬም አለ። ግን በሦስተኛው ቀን ያለ ግድግዳ ደጃፍ ደረስኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ምንጩ ድረስ ወረድኩ። ያን ቀን ምንጩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳሩሊ ሁለት እግር ብቻ እንደ ለመነችኝ አሰብኩ። ሕመሙ በቀነሰ ቁጥር የከለከልኳት ምን እንደ ሆነ ይበልጥ ይገባኛል። ስለዚህ በየጠዋቱ ሳሽ መድኃኒትም ነው፣ ቅጣትም ነው።

አምስተኛ፦ ስለ መሥሪያ ቤትዎ መስተንግዶ። ምስክርነቴን ለማስተካከል ሦስት ጊዜ ያን ቁልቁለት ወርጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ በትሕትና ተስተናግጃለሁ፤ ወንበር ተሰጥቶኛል፣ ሻይ ቀርቦልኛል፣ አንድ ጊዜ ብስኩትም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጸሐፊዎ "ባባ ጂ፣ ወደ ላይ የወጣ ወረቀት አይወርድም" አለኝ። እኔ በሰባ ስድስት ዓመቴ ወጥቼ ስወርድ ወረቀት ለምን እንደሚያቅተው ጠይቄው ሳቀ። በሁለተኛው ቀን አርአያ ዜጋ ተብሎ የተሸለመ ሰው ሐሰተኛ ምስክር ነኝ ካለ ሽልማቱ ምን ሊባል ነው ብሎ አማከረኝ፤ የቢሮውን ክብር እንድጠብቅም ለመነኝ። በሦስተኛው ቀን ፓትዋሪው ጋጄንድራ ራሱ በሩ ላይ ያዘኝና በጆሮዬ "ሚስትዎን ከአመዷ አንሥተው ሊያስከስሷት ነው እንዴ፣ አጎቴ? ለስሟ አይጨነቁም?" አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ለሳሩሊ ስም ተጨነቀላት። በሕይወት ሳለች ለእጇ የተጨነቀ ሰው ግን ከጎቪንዲ በቀር አልነበረም፤ ከእነዚያ ካልተጨነቁት ውስጥ የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

ስለ ጠርሙሱ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ሄማ የላከችልኝ ጠርሙስ ላይ ፈገግ ያለች አሮጊት ሥዕል አለ፤ ከሥሯም ይኸው የኛው ቅጠል ተስሏል። በፈቃድ የተመረተ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሆን ይላል። ፈቃድ ያለው ድርጅት ሸለቆውን ሙሉ ቢዘራው ልማት ነው፤ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በረቷ ጀርባ ዘጠኝ እግር ሲገኝ ወንጀል ነው። ይህን ለመረዳት ሦስተኛ ክፍል እንደማይበቃ አምናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠቁም፦ በጠርሙሱ ላይ ያለችው አሮጊት ጣቶች ቀጥ ያሉ ናቸው። ወደ ቁርጥማተኞች ተራራ መጥተው ቢሥሏት ይሻል ነበር።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ። የጎቪንዲ ጉዳይ በመጪው ማንግሲር ወር በአሥራ አራተኛው ቀን ይሰማል። በእሷ ላይ ያለው ምስክር እኔ ብቻ ነኝ። ከተፈረደባት ዓመታት ትታሰራለች፤ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ልጅ የላትም፣ ላሟን የሚያልባት የለም። ስለዚህ በመሬት መዝገባችሁ ላይ እንዲያዩ እለምናለሁ፤ ከበረቱ ጀርባ ያለው ቁራሽ መሬት እኔና ወንድሜ ስላልተካፈልነው እስከ ዛሬ በእኔ ስም ነው። መሬቱ የእኔ ነው። ዘሩ የሚስቴ ነው። ፍጉ የላሟ ነው። የጎቪንዲ ድርሻ ዝምታዋ ብቻ ነው፤ ዝምታ በዕፀ ፋርስ ሕግ ውስጥ መኖሩን አላነበብኩም። ክሱ ወደ ባለ መሬቱ ይዙር። በሐሰት ስለ መፈረሜም ሌላ ክስ ካለ ይጨመርበት፤ በሥራ ዘመኔ ለማንም ቅጣት ቀንሼ አላውቅምና ለእኔም አይቀነስልኝ።

የወረደ ወረቀት ከሌለ እኔ እወርዳለሁ። በአሥራ አራተኛው ቀን ማለዳ ከባንጅዳር እስከ አውቶቡሱ መንገድ ያለውን ቁልቁለት በእግሬ እወርዳለሁ፣ ፍርድ ቤቱም ውስጥ እቆማለሁ። ሽማግሌው በዚህ ጉልበት እንዴት ደረሰ የሚል ከተገኘ በምን ታሽቼ እንደ ደረስኩ እናገራለሁ፤ ገንቦዋንም በጉያዬ ይዣት እመጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ በብርቱ እለምንዎታለሁ። የጎቪንዲ ቃል ሲሰማ እኔን ከክፍሉ ያስወጡኝ። ባልወጣ እንኳ ገፍተው ያስወጡኝ። አንድ ጊዜ ሳልወጣ ቀርቼ ያደረስኩትን አይታችኋል።

ከትዕግሥትዎ ብዛት የተነሣ ይህን ያህል ስላስነበብኩዎ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ለቢሮዎ ወንበር፣ ሻይና ብስኩት ውለታ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ጉልበቴ እስከሚፈቅድልኝ ድረስም ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ፣
ዱንጋር ሲንግ ናያል
የቀድሞ ደን ጠባቂ፣ የቀድሞ የነቀላ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የቀድሞ አርአያ ዜጋ
ባንጅዳር

ያልተጻፈ እንዳይቀር፦ የምስክር ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልዎታለሁ። መስታወቱን ግን አስቀርቼዋለሁ፤ ለገንቦዋ ልክ ሆኖ ስለ ተገኘ እየከደንኩበት ነው። ደግሞ በሽልማቱ ዕለት ሰገነቱ ላይ ፀሐይ እየሞቅን የተራራችንን ትልቅ ሎሚ በእርጎ ለውሰን ስናቀርብልዎ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሜዳው አገር የለም ብለው ሁለተኛ ሳህን መጠየቅዎን አልረሳሁም። ግራጫው ቅመም ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ሁላችንም አፍረን ሁለተኛውን ሳህን ሞላንልዎ። የተፈጨ የባንግ ዘር ነው፤ ከዚያው ከበረቱ ጀርባ ዓመት ቀደም ብሎ የተለቀመ፤ ከበሩ ኋላ ተደብቃ የፈጨችውም ተከሳሿ ናት። ዘሩ አያሰክርም፣ ሕጉም አይከለክለውም፤ አይስጉ። ጣትዎን ሲልሱ ያየሁ ምስክር ግን እኔ ነኝ፤ ይህን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ።